ስድስት መውለድ ዋስትና ይሆናል?

የሚከተለው ምልልስ ሁለት ተናጋሪዎች አሉት። ሁለቱንም ለክርክሩ ሲል ያቆማቸው ጸሐፊው ነው። ሲስተር በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሴቶች ዘንድ የሚነሣውን ጥያቄ ይዛ ትሟገታለች፤ ዶክተር የበሽታን ዓይነት በማይክሮስኮፕ የምትለይ የፓቶሎጂ ሐኪም ናት። የሚጠቅሷቸው ጥናቶችና ቁጥሮች እውነተኛ ናቸው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሲስተር፦ ዶክተር፣ ጥያቄዬን በክስ መልክ ላቅርብ። ስለ እንቁላል ማምረቻ ካንሰር በየግድግዳው የሚለጠፈው፣ በሬዲዮም የሚነበበው የአጋላጭ ምክንያቶች ዝርዝር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የዕድሜ መግፋት፣ አለመውለድ፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ ውፍረት፣ ሲጋራ። ሰበታ አጠገብ፣ ዓለም ገና ላይ ስድስት ወልዳ ሁሉንም ሁለት ሁለት ዓመት ያጠባች፣ ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ እናት ይህን ስትሰማ «እኔን አይመለከተኝም» ብላ ትነሣለች። መውለድ ያልቻለችዋ ደግሞ ጎረቤት የሚያሟት ሳያንስ እኛ እንጨምርላታለን። ለአንዷ ከንቱ መጽናኛ፣ ለሌላዋ የማይገባት ወቀሳ። እንዲህ ያለው ትምህርት ቢቀር ምን ይጎዳል?

ዶክተር፦ ክስዎን ግማሹን እቀበላለሁ። የዝርዝሩ ጥፋት ብዙ በሽታዎችን እንደ አንድ ቆጥሮ መጻፉ ነው። ወባም፣ ታይፎይድም፣ የሳንባ ምችም ያተኩሳሉ፤ «የትኩሳት አጋላጭ ምክንያቶች» ብሎ አንድ ወረቀት የሚለጥፍ ጤና ጣቢያ ግን የለም። በእንቁላል ማምረቻ ላይ ስለሚገኝ ካንሰር ግን እስከ ዛሬ የምናወራው እንደዚያ ነው። ከ100ው 90 ያህሉ ከሽፋን ሕዋሳት የሚነሣ ነው፤ እሱ ራሱ ቢያንስ አምስት በሽታ ነው። ትልቁና ብዙ ሴቶችን የሚገድለው ከፍተኛ ደረጃ ሴረስ የሚባለው ሲሆን ከሽፋን ካንሰሮች 70 በመቶ ገደማውን ይይዛል። ኢንዶሜትሪዮይድ፣ ክሊር ሴል፣ ሙሲነስና ዝቅተኛ ደረጃ ሴረስ ይከተላሉ። ከእነዚህ ውጭ ጀርም ሴል የሚባል አለ፤ ከእንቁላሉ ዘር የሚነሣ፣ በልጃገረዶችና ሃያዎቹ ውስጥ ባሉ ሴቶች ላይ የሚታይ። ሆርሞን ከሚያመነጩት ሕዋሳት የሚነሣ ግራኑሎሳ ሴል የሚባልም አለ። መነሻቸው ይለያያል፣ የሚይዟት ሴት ዕድሜ ይለያያል፣ ለመድኃኒት የሚሰጡት ምላሽ ይለያያል። አጋላጭ ምክንያታቸውም እንደዚያው። የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ አጋላጩ ከበሽታው ዓይነት ተነጥሎ ሲነገር ሴቲቱን ያሳስታል፤ ከሁሉ የሚከፋውም፣ ብዙ የሚገድለው ዓይነት ለተለመደው ዝርዝር እምብዛም የማይታዘዘው መሆኑ ነው።

ሲስተር፦ «አለመውለድ ያጋልጣል» የሚለው ግን በትምህርት ቤትም ያስተማሩን ነው። ሰበታ ላይ የሴቶች ገዳም አለ፤ ለገዳማውያን እናቶች ጤና ትምህርት ሲሰጥም ይኸው ነው የሚነገረው። ያ ሁሉ ስሕተት ነው ሊሉኝ ነው?

ዶክተር፦ ስሕተት አይደለም፣ ጎደሎ ነው። ሐሳቡን በ1971 በግልጽ ያስቀመጠው የእኛው አህጉር ሰው ነው፤ ግብጻዊው ሐኪም ማሕሙድ ፈትሓላ። እንቁላል ማምረቻው በየወሩ እንቁላል ሲለቅ ገጹ ይቀደዳል፣ ተመልሶ ይጠገናል፤ መቀደድና መጠገን በበዛ ቁጥር የመሳሳቱ ዕድል ይበዛል አለ። እርግዝና፣ ጡት ማጥባትና የእርግዝና መከላከያ ክኒን እንቁላል መልቀቁን ስለሚያስቆሙ ይጠብቃሉ ማለት ነው። ሐሳቡ ብዙ ነገር አብራርቷል። በ2001 ግን የኔዘርላንድ ሐኪሞች አንድ ያልተጠበቀ ነገር አዩ። በዘር የሚተላለፍ አደጋ ስላለባቸው በመከላከያ ቀዶ ሕክምና እንቁላል ማምረቻቸውና የእንቁላል ማስተላለፊያ ቱቦአቸው የወጣላቸውን ሴቶች ናሙና ሲመረምሩ፣ ወደ ካንሰር የሚያመራው ለውጥ የተገኘው እንቁላል ማምረቻው ላይ ሳይሆን ማስተላለፊያ ቱቦው ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ከፍተኛ ደረጃ ሴረስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቱቦው ጫፍ እንደሆነ አሳዩ። እንቁላል ማምረቻው በስሙ የሚጠራበት ካንሰር በአብዛኛው ከጎረቤት የመጣ ነው። ኢንዶሜትሪዮይድና ክሊር ሴል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ከማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ጋር ከሚመሳሰል፣ ያለ ቦታው ከበቀለ ሥጋ ነው፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ ከሚባለው ሕመም። መነሻው እንዲህ ከተለያየ መውለድ ሁሉንም እኩል ይጠብቃል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ሲስተር፦ አይጠብቅም የሚለውን በቁጥር ይንገሩኝ።

ዶክተር፦ በ2016 ታትሞ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። 21 የክትትል ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ 1.3 ሚሊዮን ሴቶችን ያካተተ ነው፤ ከእነሱ ውስጥ 5,584ቱ በኋላ በዚህ ካንሰር ተይዘዋል። ተመራማሪዎቹ የታማሚዎቹን ካንሰር በዓይነት ከፋፍለው አዩ። እያንዳንዱ ወሊድ የክሊር ሴልን አደጋ በ32 በመቶ፣ የኢንዶሜትሪዮይድን በ22 በመቶ ይቀንሳል። በሴረስ ላይ ግን ቅነሳው ትንሽ ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስና የቱቦ መቋጠርም በዚያ ጥናት ግንኙነት ያሳዩት ከእነዚያው ከሁለቱ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ የዓለም ገናዋ የስድስት ልጆች እናት ከክሊር ሴል በእጅጉ ተጠብቃለች፤ እውነት ነው። ከፍተኛ ደረጃ ሴረስ ግን ስድስቱን ልጆች ቆጥሮ አይመለስም። ያልወለደችዋም እህት የምትፈራው ተጨማሪ አደጋ በአብዛኛው የሚገኘው ቁጥራቸው አነስተኛ በሆኑት ዓይነቶች ላይ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ሙሉ በዚህ ካንሰር የመያዟ ዕድል ከ100 አንድ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ ላይ ጥቂት ቢጨመር አብዛኞቹ ያልወለዱ ሴቶች ይህን በሽታ ሳያዩት ይኖራሉ።

ሲስተር፦ እንግዲህ አንድ ተቃውሞ አለኝ፤ ይህን ስናገር የሚነሣብኝ እሱ ነው። ሰበታ ያለችው ወጣት እንደ እናቷ አትወልድም። ፋብሪካ ትሠራለች፣ ኪራይ ትከፍላለች፣ ሁለት ወልዳ ታቆማለች። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የአዲስ አበባ ሴት በአማካይ 1.8 ልጅ፣ የኦሮሚያ ሴት 5.4 ልጅ ነበራት። የእኛ ከተሞች በኦሮሚያ ውስጥ ሆነው ኑሯቸው ከአዲስ አበባ ጋር የተሳሰረ ነው፤ አንዱም አማካይ አይገልጻቸውም። «የቤተሰብ ምጣኔ ካንሰር ያመጣል፣ እናቶቻችን ወልደው ወልደው ጤነኛ ነበሩ» የሚል ሰው ይህን የእርስዎን ጥናት ይዞ ቢመጣ ምን እመልስለታለሁ?

ዶክተር፦ ሦስት ነገር ይመልሱለታል። አንደኛ፣ ያው የ2016 ዳሰሳ ከ100,000 ወሊድ 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል። እምብዛም ከማይታይ ካንሰር ለመዳን ደጋግሞ መውለድ ከትንሹ አደጋ ሸሽቶ ወደ ትልቁ መግባት ነው። ሁለተኛ፣ መከላከያው ራሱ ይጠብቃል። በ2008 የታተመ፣ ከ21 አገሮች 45 ጥናቶችን የደመረ ትንታኔ ክኒን በተወሰደ በየአምስት ዓመቱ የዚህ ካንሰር አደጋ በ20 በመቶ እንደሚቀንስ፣ 15 ዓመት ሲሞላ በግማሽ እንደሚወርድ፣ ክኒኑ ከተቋረጠም በኋላ ጥበቃው ለብዙ ዓመታት እንደሚቆይ አሳይቷል። ሙሲነስ የሚባለውን ግን እምብዛም አልነካውም፤ እዚህም ላይ ዓይነቱ ይለያል። ክኒን የሚወስዱ ሴቶች በሚወስዱበት ጊዜ የጡት ካንሰር አደጋቸው በትንሹ ከፍ እንደሚል አብሮ መነገር አለበት፤ ደብቀን ማስተማር የለብንም።

ሲስተር፦ እኛ ዘንድ ክኒን የምትውጥ ጥቂት ናት። የሚወሰደው መርፌ ነው፣ ቀጥሎ በክንድ የሚቀበረው።

ዶክተር፦ አዎ፤ በዚያው ዳሰሳ ካገቡት ሴቶች 23 በመቶ መርፌ፣ 2 በመቶ ብቻ ክኒን ይጠቀሙ ነበር። ስለዚህ ከአውሮፓ በክኒን ላይ የተገኘውን ውጤት እንዳለ ወስደን ሰበታ ላይ መለጠፍ አንችልም። ስለ መርፌው ያለው ማስረጃ ከክኒኑ ያነሰ ነው፤ በ2021 ብዙ ጥናቶችን ያጣመረ ትንታኔ ግን ተጠቃሚዎቹ ካልተጠቀሙት ይልቅ አደጋቸው በ35 በመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። አቅጣጫው ከክኒኑ ጋር አንድ ነው። ሦስተኛውን መልሴን ረስቼው ነበር፤ ጡት ማጥባት ነው። በ2020 የወጣ ጥምር ጥናት ያጠቡ ሴቶች ካላጠቡት አደጋቸው በ24 በመቶ ያነሰ እንደሆነ፣ የማጥቢያው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ጥቅሙ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ጥበቃው ከፍተኛ ደረጃ ሴረስን ጭምር ይነካል። እዚህ ላይ የእናንተ ከተሞች ጉዳይ ይመጣል። የእናቶቻችን ጥበቃ የመጣው ከልጆቻቸው ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ከማጥባታቸው ርዝመትም ነበር። የ2019ኙ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ከሦስት ወር በኋላ ማሽን ላይ የምትመለስ እናት ማጥቢያ ቦታና ሰዓት ካላገኘች፣ ጥበቃውን የወሰደባት የልጆቿ ማነስ ሳይሆን የፋብሪካው ሰዓት ነው። የቤተሰብ ምጣኔን ለመውቀስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ያን ይመልከት።

ሲስተር፦ ሲጋራስ? ፓውደርስ? ስለ ፋብሪካው ጭስማ በየቀኑ እንጠየቃለን።

ዶክተር፦ በአጭሩ ልለፋቸው። ሲጋራ በግልጽ የሚያጋልጠው ለሙሲነስ ነው፤ ለሌሎቹ ዓይነቶች ይህን ያህል አይደለም። ከኢትዮጵያ ሴቶች የሚያጨሱት ከ100 አንድ ገደማ ስለሆኑ «ሲጋራ» የሚለው መስመር ለአብዛኞቹ አድማጮችዎ ምንም አይነግርም። እንዲያውም እኔ በማይክሮስኮፕ ሙሲነስ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ከአንጀት፣ ከትርፍ አንጀት ወይም ከጨጓራ ተሰራጭቶ የመጣ እንዳይሆን ነው፤ ብዙ ጊዜም ሆኖ ይገኛል። በፓውደር ውስጥ ያለውን ታልክ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2024 «ምናልባት ካንሰር አምጪ» ከሚለው ክፍል ከፍ አድርጎ «ካንሰር አምጪ ሊሆን የሚችልበት ዕድል ከፍ ያለ» ወደሚለው አዛውሮታል፤ በአሜሪካ 250,000 ሴቶችን ያካተተው የ2020 ትንታኔ ግን ጠንካራ ግንኙነት አላገኘም። ለማህፀን ንጽሕና ፓውደር አያስፈልግም፤ መተዉ ምንም አያስከፍልም፣ ይተዉት። ከሥራ ቦታ ብናኞች መካከል በዚህ ካንሰር ላይ የተረጋገጠበት አስቤስቶስ ነው። ማስረጃው የተገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ አገር የጋዝ ጭምብል ይሠሩ ከነበሩ ሴቶች ነው። የወንዝ ብክለትና የፋብሪካ ጭስ ለሌላ ብዙ ምክንያት ሊታገሉት የሚገባ ነገር ነው፤ ይህን ካንሰር በእሱ ላይ ለመጫን ግን ማስረጃ አልያዝንም።

ሲስተር፦ እንግዲህ መውለድም አይበቃም፣ ሲጋራም አይመለከተን። ገዳዩን ዓይነት የሚያመለክት አንድም ምልክት ከሌለ ሴቲቱን ባዶ እጇን ነው የሚሰዷት።

ዶክተር፦ አለ፤ በዝርዝሩ ሦስተኛ መስመር ላይ ተደብቆ የሚቀመጠው የቤተሰብ ታሪክ ነው። ቢአርሲኤ አንድ የሚባለው ዘረመል የተበላሸባት ሴት እስከ 80 ዓመቷ በዚህ ካንሰር የመያዟ ዕድል 44 በመቶ፣ ቢአርሲኤ ሁለት የተበላሸባት 17 በመቶ እንደሆነ በ2017 የታተመ የክትትል ጥናት ገምቷል። ከ100 አንድ ከነበረው ጋር ያስተያዩት። የሚያመጣው ካንሰር ደግሞ በአብዛኛው ከፍተኛ ደረጃ ሴረስ ነው። ሊንች የሚባለው ሌላው በዘር የሚተላለፍ ችግር፣ የአንጀትና የማህፀን ካንሰር በቤተሰብ የሚደጋግመው፣ የሚያዘነብለው ወደ ኢንዶሜትሪዮይድና ክሊር ሴል ነው። እንግዲህ «የቤተሰብ ታሪክ» የሚለውም አንድ ነገር አይደለም፤ የጡት ካንሰር የበዛበት ቤት ወደ አንዱ ዓይነት፣ የአንጀት ካንሰር የበዛበት ቤት ወደ ሌላው ያመለክታል። ሲጠይቁም የእናትን ወገን ብቻ አይጠይቁ። የተበላሸው ዘረመል በአባትም ይወረሳል፤ የአባቷ እህቶች የጡት ካንሰር ታመው እንደሆነ የምትጠየቅ ሴት ግን ስንት ናት?

ሲስተር፦ ይህ የነጮች ጉዳይ ነው የሚሉኝ አሉ።

ዶክተር፦ ናይጄሪያ ውስጥ 1,136 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ዘረመላቸው ተመርምሮ በ2018 ውጤቱ ታትሟል፤ ከ100ው 11 ያህሉ ከሁለቱ የቢአርሲኤ ዘረመሎች አንዱ ተበላሽቶባቸዋል። ጥቁር ሴት አትያዝም የሚለው ወሬ እዚያው ያበቃል።

ሲስተር፦ ይሁን። ከባዱ ተቃውሞዬ ግን ቀጥሎ ነው። የዘረመል ምርመራው በቀላሉ በማይገኝበት አገር ለሱሉልታ ገበሬ ሚስት «የእናትሽ ሞት በደምሽ ውስጥ ሊኖር ይችላል» ማለት ጭካኔ አይሆንም? እናቷን የቀበረች ሴት እኮ ናት። አስፈርተን የምንሰጣት ነገር ከሌለ ዝም ማለት አይሻልም?

ዶክተር፦ ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ቢሆንም ዝም እንድንል አያበቃም። የምንሰጣት ነገር አለና። መውለድ የጨረሰች፣ በቤተሰቧ ሁለትና ከዚያ በላይ የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ያለባት ሴት ቱቦዋንና እንቁላል ማምረቻዋን በቀዶ ሕክምና ማስወጣት ትችላለች፤ ዘረመሉ በተበላሸባቸው ሴቶች ይህ አደጋውን 80 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከባድ ውሳኔ ነው፣ ከባለሙያ ጋር የሚወሰን ነው፣ ያለ ጊዜው የሚመጣ ማረጥን ያስከትላል። ግን ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ ለሱሉልታዋ ሴት የጎደላት የሚልካት ሰው ነው። ዘረመሏ ላልተመረመረላት ደግሞ የእርግዝና መከላከያ ክኒን የተበላሸ ዘረመል ባላቸው ሴቶችም ላይ እንደሚጠብቅ ይታወቃል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከ2010 ጀምሮ፣ ለሌላ ምክንያት ማህፀኗ የሚወጣላት ወይም መውለድ ለማቆም ቱቦዋን የምታስቋጥር ሴት ቱቦዋ ከነጭራሹ እንዲወጣላት ሐኪሞች ማማከር ጀምረዋል፤ እንቁላል ማምረቻው በቦታው ይቀራል፣ ሆርሞኑም አይቋረጥም። እኛም ዘንድ ማህፀን የሚያወጣ ሐኪም ቱቦውን ለምን እንደሚተው ቢጠየቅ መልካም ነው።

ሲስተር፦ ለምን ሁላቸውንም በየዓመቱ በአልትራሳውንድ አናይም? ሕዝቡ የሚጠይቀው ይህን ነው። ቡራዩ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ክሊኒክ ሞልቷል።

ዶክተር፦ እንግሊዞች ሞክረውታል። ከ2001 ጀምሮ ከ200,000 በላይ ያረጡ ሴቶችን በሦስት ከፍለው፣ አንዱን ቡድን በየዓመቱ በአልትራሳውንድ፣ ሌላውን ሲኤ 125 በሚባለው የደም ምርመራ ተከታተሉ፤ ሦስተኛው ምንም አልተደረገለትም። በ2021 የወጣው የመጨረሻ ውጤት ምርመራው በዚህ ካንሰር የሚሞቱትን ሴቶች ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳየ። ፈጣኑ ሴረስ በሁለት ምርመራዎች መካከል ያመልጣል። የደም ምርመራውም በወር አበባ፣ በእርግዝና፣ በኢንዶሜትሪዮሲስ ሁሉ ከፍ ይላል። ምልክት የሌላትን ሴት በአልትራሳውንድ መፈለግ ከጥቅሙ ይልቅ አላስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ማምጣቱ ይበልጣል። ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። በጤና ጣቢያችሁ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚሰጠው የማህፀን በር ምርመራ ይህን ካንሰር አያይም። ለልጃገረዶች ከ2018 ጀምሮ የሚሰጠው የኤችፒቪ ክትባትም አይከላከለውም። ሁለቱም እጅግ ጠቃሚ ናቸው። ግን «የማህፀን ካንሰር ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተብያለሁ» ብላ ሆዷ እየተነፋ የምትቀመጥ ሴት እንዳትኖር፣ የተመረመረው በሩ ብቻ እንደሆነ ይነገራት።

ሲስተር፦ ሆድ መነፋቱን ካነሡት፣ የእኛ ዕዳ እዚያ ላይ ነው። ሆዴ ይነፋኛል ያለች ሴት ሁሉ ጨጓራ ትባላለች። ጾም ከሆነ ሽሮው ነው ይባላል፤ ካልሆነ አሜባ፣ ከዚያ ታይፎይድ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሌላ ይታዘዛል። ግን እውነቱን ለመናገር ከመቶዎቹ ዘጠና ዘጠኙ ጨጓራ ናቸው፤ ሁሉንም ወደ ጳውሎስና ጥቁር አንበሳ ብንልክ ሆስፒታሎቹ ይፈርሳሉ።

ዶክተር፦ ሁሉንም አይላኩ። አዲስነቱን፣ ድግግሞሹንና ዕድሜውን ይመልከቱ። በ2007 በአሜሪካ የወጣ ጥናት የለያቸው ምልክቶች የሆድ መነፋት ወይም መጠን መጨመር፣ ትንሽ በልቶ ቶሎ መጥገብ፣ የታችኛው ሆድ ሕመምና ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣት ናቸው። መለያቸው ከአንድ ዓመት ወዲህ የጀመሩና በወር ከ12 ቀን በላይ የሚመላለሱ መሆናቸው ነው። ሃያ ዓመት ጨጓራ ያማት ሴት ይህን አታሟላም። ከአምሳ በኋላ ድንገት ጨጓራ የጀመራት፣ ቀሚሷ የጠበባት ግን ክንዷ የከሳ ሴት ታሟላለች። ለእሷ ከሦስተኛው የጨጓራ መድኃኒት በፊት አንድ አልትራሳውንድ ይታዘዝ። አልትራሳውንዱ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ወጣቷም አትረሳ። አገራችን የወጣት አገር ስለሆነች ጀርም ሴል የሚባለው ዓይነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የ17 ዓመት ልጅ ሆዷ ቢያብጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርግዝና ነው፤ ስድብና ዱላ ቀድሞ ምርመራ ይዘገያል። ይህ ዓይነት በአኗኗር አይመጣም፣ ማንም አላጠፋም፤ በጊዜው ከተገኘ ደግሞ በኬሞቴራፒ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜም የመውለድ ተስፋዋን ሳያሳጣ። ስለ ወር አበባ ሕመምም ልጨምር። «ስትወልጂ ይለቅሻል» እየተባለች በየወሩ አልጋ የምትይዝ ሴት ኢንዶሜትሪዮሲስ ሊኖርባት ይችላል። እሱ የክሊር ሴልን አደጋ ሦስት እጥፍ፣ የኢንዶሜትሪዮይድን ሁለት እጥፍ ገደማ ያደርጋል። አብዛኞቹ ካንሰር አይዛቸውም፤ ሕመማቸው ግን በራሱ መታከም የሚገባው ነው።

ሲስተር፦ ሆዷ ውሃ የያዘ ሴት መጥታ «ካንሰር ነው፣ ወደ ቤት ውሰዷት» የተባለችም አለች።

ዶክተር፦ የሆድ ቲቢ ልክ እንደዚሁ ያደርጋል፤ ሆድ ውሃ ይይዛል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ሲኤ 125ም ከፍ ይላል። በቲቢ መድኃኒት የምትድን ሴት በካንሰር ስም ወደ ቤት ትላካለች። ናሙና ሳይወሰድ ስም መስጠት አይቻልም የምለው ለዚህ ነው።

ሲስተር፦ ናሙናውም ቢወሰድ የሚታዘዘው ኬሞ ለሽፋን ካንሰሮቹ ሁሉ አንድ ከሆነ፣ ለሴረሱ የወጣው አዲሱ ክኒንም ዋጋው የማይቀመስ ከሆነ፣ ዓይነቱን ማወቅ ለሰበታዋ ሴት ምን ይጠቅማታል? ይህ የእናንተ የፓቶሎጂስቶች ቅንጦት አይደለም?

ዶክተር፦ ቅንጦት የሚሆነው ጥቅሙ በታማሚዋ ላይ ብቻ ቢያበቃ ነበር። በእሷም ላይ ቢሆን ጀርም ሴልን ከሴረስ መለየት የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው፤ ሙሲነስ ከሆነ ደግሞ አንጀቷ መታየት አለበት። ከእሷ ባለፈ ግን ሴት ልጆቿ አሉ። ከፍተኛ ደረጃ ሴረስ ካለባቸው ሴቶች ከስድስት አንዷ ያህል የተበላሸ ቢአርሲኤ አለባት። የእናትየዋ ወረቀት ላይ «የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ልጅቷ የምትይዘው መረጃ የለም። ዓይነቱ ከተጻፈ ልጅቷ የራሷን አደጋ የምታውቅበት መነሻ አላት። ለአገሩም እንደዚሁ። ከ2011 ጀምሮ ማእከሉን ጥቁር አንበሳ አድርጎ የሚሠራው የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር ምዝገባ የሚያሰላው የከተማዋን ነዋሪዎች ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ሴቶቻቸው የሚታከሙት አዲስ አበባ ነው፣ በአዲስ አበባ ስሌት ግን አይገቡም። አኗኗራቸው በአንድ ትውልድ የተለወጠው፣ እንደ እናቶቻቸው የማይወልዱት እነሱ ናቸው። የትኛው ዓይነት እየበዛ፣ የትኛው እየቀነሰ እንደሆነ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው በእነሱ ላይ ነው። እነሱን ሳይቆጥሩ ከሌላ አገር የተቀዳ ዝርዝር ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይብቃ።

ሲስተር፦ እሺ፤ ግድግዳው ላይ ምን ልጻፍ?

ዶክተር፦ ዝርዝሩን ያውርዱትና ሁለት ጥያቄ ይለጥፉ። በእናትሽም በአባትሽም ወገን የጡት፣ የእንቁላል ማምረቻ፣ የአንጀት ወይም የማህፀን ካንሰር የታመመ አለ? ከአንድ ዓመት ወዲህ የጀመረ፣ በወር ከ12 ቀን በላይ የሚመላለስ የሆድ መነፋት፣ ቶሎ መጥገብ ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም አለሽ? ለአንዱም አዎ ያለች፣ ስድስት ትውለድ ወይም አንድም አትውለድ፣ ትታይ። ኦፕሬሽን ለተደረገላችሁና ለቤተሰቦቻችሁም አንድ ልመና አለኝ። የፓቶሎጂ ውጤቱን ሳትይዙ ከሆስፒታል አትውጡ። የካንሰሩ ዓይነት ስም ተጽፎበት እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልተጻፈ እንዲጻፍ አድርጉ፣ ወረቀቱንም ከልደት ካርዶቻችሁና ከቤት ካርታችሁ ጋር አስቀምጡት፤ ሴት ልጆቻችሁ ይፈልጉታል።